ክረምት የሚቆጥር ቆዳ

መሀል ሜዳ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ጠንፉን አገኘሁት፣
የፍየል ቆዳ ሲወጥር፣ ጠፍሩ ጭጋግ ጠጥቶ ሲላላበት፣
ባናውን ደርቦ የጓሳን ብርድ እንደ ባለዕዳ ሲረግመው።
እኔም መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ የቤተ መጻሕፍቱ ነው፣
በእርዳታ ካርቶን የመጣ፣ ሽፋኑን አይጥ የበላው።

«ይህን እይልኝ» አልኩት። «ይህም ቆዳ ነው፣ የጎሽ ነው።
ሰዎቹ ጥቁር እግር ይባላሉ፤ በገዛ አፋቸው ሲክሲካ፤
ሰደድ እሳት የላሰውን ሜዳ ሲያቋርጡ፣ አመዱ ጫማቸውን እየነካ
አጠቆረው ነው የሚሉት።»
                    ጠንፉ ወደ ታች አየ፣
የበረት ጭቃ ወደ ያዘው ላስቲክ ጫማው፤ ዝም ብሎ ቆየ።

«እና ምን ተጽፎበታል?»
«ፊደል የለውም፤ ሥዕል ነው። ከመሀል ይነሣል አንዱ፣
እንደ ቀንድ አውጣ ልብስ ይዞራል፤ ለአንድ ክረምት አንድ ነው ልማዱ።
የነሱ ክረምት በረዶ ነው፣ ወንዝ ሳይቀር የሚያቆም።
ይህ ነጠብጣብ የለበሰ ሰው፣ ፈንጣጣ በጀልባ የገባበት ዓመት ነው።
ፈረስንማ መጀመሪያ ሲያዩት ስም ቸገራቸውና
‹አጋዘን ውሻ› አሉት።»
ጠንፉ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ወደ ሙያው ተመለሰ።
«ቆዳውን የፋቀው ማነው?»
«ሴቶቹ። ድንኳኑም የሴቶቹ ነበር።»

«ሰማህ?» የሚል ድምፅ ወጣ ከጓዳው ጨለማ፤
እንግዳሸት ናት፣ እጇ በድንጋይ ፍትጊያ ተሰነጣጥቆ፤
«አርባ ዓመት የኔ ክንድ ፍቆ፣
ገበያ ላይ ‹የጠንፉ ብራና› ተባለ፤ እግዜር ይስማ!»

እኛ ዓመቱን በወንጌላዊ ነው የምንጠራ፤
ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ፣ እንደ ወንፈል ተራ።
መልካም። ግን የትኛው ማቴዎስ ነው ጎርፉ ድልድዩን የበላ?
አንዱ ሉቃስ ከሌላው ሉቃስ በምን ይለያል ኋላ?

«ጎሹስ?» አለ ጠንፉ።
«አለቀ። ለቆዳው ብለው ፈጁት። ሰዎቹን ግን
ራሽን ጠብቁ አሏቸው፤ ስማቸው በመዝገብ ሰፈረ፤
ራሽኑ ሳይደርስ በረዶው ደረሰ። ስድስት መቶ ያህል ሰው በዚያው ቀረ።»
ጣቱን እያጠፈ አሰበ፣ የቅድመ አያቱን ወሬ።
«በክፉ ቀን የኛ ከብት ያለቀው፣ ወይፈን ሳይቀር ከበሬ፣
ከነሱ ወዲህ ስንት ዓመት ነው?»
«ስድስት ሰባት ቢሆን።»
«ስድስት ሰባት!» አለ፣ ለቅሶ እንዳመለጠው ጎረቤት።

በሳምንቱ ብሄድ ቆዳው ተዘርግቷል፤ የራሳቸውን ሊቆጥሩ።
ቀለሙን ከጥቀርሻ መትታለች፤ ከሠርጋቸው ጀመሩ።
አንድ ጋን። ቀጥሎ መንታ ግልገል። ቀጥሎ የተናደ ገደል።
በአንዱ ዓመት ሲጨቃጨቁ እራቱ ቀዘቀዘ፤
እሱ «ዘመቻው ነው» ሲል፣ እሷ «ጥርሴ የወለቀበት» ስትል።

ሰባ ሰባት ላይ ጠንፉ የስንዴ ጆንያ ሊሥል ብዕሩን ነከረ።
«ተው» አለችው። ወሰደችበት።
ሚዛን ሣለች፤ ከግንድ የሚንጠለጠለውን፣
ልጅ እንደ ሱሪ የሚገባበትን።
«‹ክብደቷ ደህና ነው› አለኝ ልጁ። ‹ምግቡ ለባሰባቸው ነው።›
በሁለት መቶ ግራም ነው የመለሰን።
በሚቀጥለው ሳምንት ታልፋለች አልኩ ለራሴ።
አለፈች።»

ጠንፉ ያኔ ደብረ ብርሃን ነበር፣ ጉልበቱን ሊሸጥ።
መሞቷን ያውቃል። ሚዛኑን ዛሬ ሰማ።
ተነሥቶ ወጣ፤ ያልላላ ጠፍር ሲያጠብቅ አመሸ።

ዘንድሮ ላይ ስንደርስ ብዕሩን ለኔ ሰጡኝ።
«እንግዶቹን ሣልልን» አለ፣ «በወረቀት የመጡትን።»
በጥቀርሻው አንድ የእግር ዱካ ሣልኩ፤ ጣቶቹ ተበላሹብኝ።

«ዙሩ ዳር ደርሷል» አልኳቸው። «የከርሞው የት ይገባል?»
እንግዳሸት በአገጯ ወደ በረቱ አሳየችኝ፦
«ፍየል ሞልቷል።»